ሰፊ ቤት አለልሽ

ግንቦት 6 ቀን

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ነገር ልንገርሽና ደንግጠሽ ተመለሽ፤ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ልብስ ተኳሹ። ማንንም አላስጻፍኩም፣ ማንንም አልለመንኩም። እስክሪብቶው የኔ፣ ጣቱ የኔ፣ ላቡም የኔ። ወንድምሽ የማታ ትምህርት ስመዘገብ «አንተን ፊደል ከማስቆጠር ካውያን ዋና ማስተማር ይቀላል» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ ካውያው ዋኘ። ትምህርቱን ጨርሼ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። እርግጥ መምህሯ ደረጃ አላወጣችም፤ ግን ሰው ራሱን ያውቃል።

የመርዶውን ነገር ይቅር በይኝ። ጆሮሽ ስልክ እንደማይለይ እያወቅሁ በልጅሽ በኩል ማስነገሬ ከብዶኝ ከርሟል። ምን ላድርግ፣ ያኔ ገና «ለ» ላይ ነበርኩ፤ መርዶ የሚጻፈው በ«መ» ነው። የላክሽልኝ ደብዳቤም ከደረሰኝ ቆይቷል። ለሰው አላስነበብኩትም። ኪሴ ውስጥ ከርሞ፣ ጠርዙ አልቆ፣ በመጨረሻ በራሴ ዓይን አነበብኩት።

እንግዲህ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አልተሠቃየም። ከምሳ በኋላ የኮት ቁልፍ እየተከለ ነበር። እኔ ካውያውን ስስብ እንደ ሁልጊዜው ክርኔ ጀርባውን ገጨው። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ መርፌውን እንደ ልማዱ ደረቱ ላይ ሰካ፣ «እስቲ ያቺን ካውያህን ጋብ አድርግና ትንሽ አየር ስጠኝ» አለኝ።

«አየር ከፈለግህ ለምን ፓይለት አልሆንክም?» አልኩት።

ሳቀ። ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የቀረውን ልጅሽ ነግራሻለች። ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ይህን ልጅሽ አታውቀውም፤ ስለዚህ እኔ ጻፍኩልሽ።

ዕድሜው ስንት ነበር ብለሽኛል። እኔን ትጠይቂያለሽ? እህቱ አንቺ! እኔ የማውቀው የዛሬ ሽማግሌዎች የመጀመሪያ ቁምጣቸውን የሰፋላቸው እሱ መሆኑን ነው። የልጅ ልጆቻቸውንም አልብሷል። መሐል ላይ ያሉትን አንቺ አስቢያቸው።

የተወውንም ጠይቀሻል። ሰፊ ቤት አለልሽ። የመንገድ ሥራው የድሮውን የቤት ረድፍ ካፈረሰው በኋላ የገባንበትን አንቺ አላየሽውም። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ቀጥታ የስፌት መኪናው ላይ ትወርዳለች። መኪናው ዘይት ተቀብቶ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። አከራያችን እማማ እስካሁን ለማንም አልሰጡም። አንድ የስልክ ነጋዴ ቢመላለስባቸው «የእህቱ መልስ ሳይመጣ አንድ ምስማር አትመታባትም» ብለው አባረሩት። እሳቸውም ግን ዘላለም አይጠብቁም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቁርጡን አሳውቁኝ ብለዋል። ሰፊ ቤት ተዘግቶ ሲውል ያስጠላል። ነይና ክፈችው።

ልብስ ተኳሹ፣ አሁን ደግሞ ጸሐፊው


ግንቦት 24 ቀን

ለተኳሹ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ አለቀስኩ፣ አንድ ቦታ ሳቅሁ። የቱ ጋ እንደሆነ አልነግርህም፤ ትኮራለህ። ጽሕፈትህ አይከፋም። መስመሩ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ይነበባል። የሰው ሱሪ እጥፋት ስታቀና ኖረህ መስመር ማቅናት ያቅትህ?

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ ስላልከኝ አመሰግንሃለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል።

አንተ ከመምጣትህ በፊት የነበረውን ወንድሜን ደግሞ እኔ ልንገርህ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ያኔ ልብስ ሰፊ አልነበረም፤ ለወፍጮ ቤቱ የተቀደደ ጆንያ ነበር በመርፌ የሚጠቅመው። የመጀመሪያ ቀሚሴን የሰፋልኝ ከዱቄት ከረጢት ነው። ሲሰፋው ጽሕፈቱ ጀርባዬ ላይ ዋለ፦ «ከእርጥበት ይጠበቅ» ይላል። የሰፈር ልጆች ያነቡና ውሃ ይረጩብኛል። እያለቀስኩ ስገባ «ወይ ፍታልኝ ወይ አጥፋልኝ» አልኩት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምን አጠፋ? ትክክል ነው የተጻፈው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ደመና ባየ ቁጥር በር ላይ ቆሞ «አንቺ ልጅ፣ ተጽፎብሻል፣ ግቢ!» እያለ ይጣራ ነበር። ቀሚሱ አልቆ እንኳ አልተወኝም። ያገባሁ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር ለባሌ በጆሮው የነገረው ይህንኑ ነው።

ሰፊ ቤት እንዳለልኝ የጻፍከውን ለልጆቼ ሳነብላቸው አፋቸውን ያዙ። «ሰፊ ቤት? አጎታችን?» አሉ። እኔም ገረመኝ። አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም፤ በደብዳቤው ሁሌ «ደህና ነን፣ ሥራ አለ» ብቻ ነበር የሚለው። አሁን የምንኖረው ታላቂቱ ልጄ ቤት ነው። እኔና ትንሿ ከልጅ ልጆቼ ጋር ተደራርበን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ትንሿን አታውቃትም። ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የግራ እጅጌ ትሰፋለች። የግራ ብቻ። ቀኙን የምትሰፋው ሴት ሌላ አዳራሽ ናት፣ ተያይተው አያውቁም። «እማዬ፣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሳልሰፋ ላረጅ ነው» ትለኛለች። የአጎቷ መኪና ፀሐይ እንደሚያገኘው ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሱ ብቻ ስታወራ አደረች።

እንግዲህ ንገረኝ፤ ክፍሎቹ ስንት ናቸው? በጓሮ በኩል በር አለው? ሁለቱን አልጋና ቁም ሳጥኔን ማምጣቴ ነው። ደግሞ እኔ ካገባሁ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ጻፍልኝ። «ሥራ አለ» ሲል ምን ማለቱ ነበር?

የሰፊው እህት


ሰኔ 9 ቀን

እህት ዓለም፣

መስመሬ ወደ ጎን ይሄዳል ብለሻል። የሄደው ጠረጴዛው ነው፤ እኔማ ቀጥ ብዬ ነበር። ደብዳቤሽን እያነበብኩ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ አቃጥያለሁ። የቱ ጋ ስደርስ እንዳቃጠልኩት ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ከእርጥበት ይጠበቅ! ይህን ለእኔ አልነገረኝም። ለዚህ ነው ለካ ዝናብ ሲጀምር ሥራውን አቁሞ በር በሩን የሚያየው። እኔ ደግሞ ያሰጣሁትን ልብስ የሚጠብቅልኝ መስሎኝ አመሰግነው ነበር!

«ሥራ አለ» ማለቱን ጠይቀሻል። ጥሩ ሰው ጠየቅሽ። የዚህ ሰፈር ልብስ ግማሹ በክር ነው የተሰፋው፣ ግማሹ በኔ ቀልድ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። ሰው ሜትር ሲያይ ምን ያደርጋል? ሆዱን ይስባል፣ ደረቱን ይነፋል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ወንድምሽ ያንን ሰው አያምነውም። «ይሄ እንግዳ ነው» ይለኝ ነበር፣ «አሁን መጥቶ አሁን ይሄዳል። ልብሱን ለብሶ የሚኖረው ሌላው ነው፤ የሚጎብጠው፣ የሚበላው፣ ወንበር ላይ ዘጭ የሚለው።» ታዲያ ሌላውን ሰው እንዴት ያውጣው? በኔ ነዋ! እሱ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጠምጥሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ቀልዱን እለቃለሁ። ሰውየው ይስቃል፣ ሆዱ ቦታውን ይይዛል፣ ትከሻው ይወርዳል። ወንድምሽ እዚያች ላይ ጠመኔውን ያሳርፋል። በቃ። የሱን ሱሪ ለብሶ ሲቀመጥ የተተረተረበት ሰው አለ የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ።

አንድ ሰው ብቻ አስቸግሮኛል። ጥርስ ሐኪሙ ነው። የሰው ጥርስ ሲያይ ይውላል፣ የራሱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። የመጋቢውን ቀልድ አመጣሁ፣ ዝም። የሁለቱን አማቾች ቀልድ አመጣሁ፣ ዝም። የማላወራውን ሁሉ አወራሁ፤ ሰውየው ሆዱን እንደ ሳበ እንጨት ሆኖ ቆመ። ወንድምሽ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሲጠርግ ያመመው መሰለ። በመጨረሻ ሜትሩን አወረደና በዚያች ቀስ ባለች ድምፁ፣

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስካሁን ሳይስቅ የለካሁት ሬሳ ብቻ ነው» አለው።

ጥርስ ሐኪሙ ፈነዳልሽ! እንባው እስኪወርድ። ለካ መንጋጋው ሁሉ ወርቅ ነው። ወንድምሽ ወገቡን ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ወደኔ ዞሮ «አየህ፣ ቀላል ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድምሽ ሚስቱ ስታርፍ እንደነበረ ነው የኖረው፤ ዝም ብሎ፣ ሥራውን ይዞ። ያን ሰሞን ቀልዴን ሁሉ ለእሱ ለብቻው አወራሁ። አንዳንዴ ይስቅ ነበር። ግን ትከሻው ሲወርድ የሚለካው ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ጉሮሮውን ጠረገ። ደንበኛ የለ፣ ሜትር የለ። «ምን ሆነሃል?» ብለው «ምንም፣ ጀምር» አለኝ። ደህና የሆነው ያን ቀን ነው።

እንዲህ ነው የኖረው። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል። ተጣልቶ አያውቅም ብልሽ ውሸት ነው፤ ከኔ ጋር በየቀኑ ይጣላ ነበር። ተቀይሞኝ ግን አላደረም።

ስለ ክፍሎቹ የጠየቅሽኝን ልጽፍልሽ ስል ወረቀቱ ጠበበኝ።

ተኳሹ

ቁም ሳጥንሽ ግን ስንት በር አለው?


ሰኔ 20 ቀን

አንተ ሰውዬ፣

ቁም ሳጥኔ ባለ ሦስት በር ነው። ለምን ጠየቅህ? የጥርስ ሐኪሙን መንጋጋ ለመቁጠር ወረቀት በቅቶህ የክፍሎቹ ጊዜ ያልቅብሃል?

ለካ እኔንም እንደዚያ ነው የለካችሁኝ! የሙሽራ ቀሚሴን ሲሰፋልኝ ሜትሩ ወገቤ ላይ እንዳለ አንተ በመስኮት ብቅ ብለህ «ይህን የሚያህል ረጅም ሰው የምታገቢው አምፖል እንዲቀይርልሽ ነው?» አልከኝ። ስቄ ልሞት። እኔ አንተን ባለጌ ነው ብዬ፣ ወንድሜ ጉሮሮውን እንደ ጠረገ የት ልወቅ! ያ ቀሚስ ሁለት ልጅ ወልጄበት እንኳ አልጠበበኝም። ባሌ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድም አምፖል ቀይሮልኝ አያውቅም።

አሁን ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ትንሿ መልቀቂያዋን ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ወሩ ሲያልቅ ልታስገባ ነው። አንዴ ከለቀቀች ፋብሪካው መልሶ አይወስዳትም፤ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ያንተ ዝምታ ደግሞ አላማረኝም። አንተ የምትዘለው ነገር ሲኖር ቀልድህ ይበዛል፣ ከድሮም አውቅሃለሁ። ቤቱ ምን ሆኗል? ያለውን እንዳለ ጻፍልኝ።

የሰፊው እህት


ሰኔ 25 ቀን

እህት ዓለም፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ነው የሰጠሁት። ልጅሽ ወረቀቷን ሳታስገባ እንዲደርስልሽ ለምኜዋለሁ።

ሰፊ ቤት ስልሽ ሰፊ ቤት ማለቴ ነበር እንጂ ሰፊ ቤት ማለቴ አልነበረም።

ገባሽ? አልገባሽም። እኔም ጽፌው ሳየው ግራ ገባኝ። ይዤው መምህሯ ዘንድ ሄድኩ።

«መምህር፣ አንድ ፊደል አጉድለሽ ነው ያስተማርሽኝ» አልኳት።

«የቱን?»

«ሰፊን ከሰፊ የሚለየውን።»

ሳቀች። «እሱ ፊደል የለውም፣ አባባ። በአፍ ነው የሚለየው። አንዱ ጠብቆ ይነበባል፣ አንዱ ላልቶ።»

«ታዲያ ወረቀት አፍ አለው? ይህን ሳትነግሪኝ ነው ወረቀት የሰጠሽኝ?»

«ያን ቀን ነግሬያችሁ ነበር፤ እርስዎ ከዳቦ ቤቷ ባለቤት ጋር ሲያወሩ ነው» አለችኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ሰው እዚህ ሲያልፍ «ኮቴን ሰፊ ቤት ሰጥቼ ልምጣ» ይል የለ? እኔ እሱን ነው የጻፍኩት፤ ልብስ የሚሰፋበትን። ላላ አድርጌ ጻፍኩት፣ አንቺ ጠበቅ አድርገሽ አነበብሽው። የዓለም ነገር የተገላቢጦሽ አይደል? ጠበቅ ስታደርጊው ይሰፋል፣ ላላ ስታደርጊው ይጠባል። ሸሚዙን ያቃጠልኩት «ሁለቱን አልጋና ቁም ሳጥኔን» የሚለው ላይ ስደርስ ነው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ስትገቢ በግራ የስፌት መኪናው፣ በቀኝ የኔ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በመካከል አንድ ሰው፤ እሱም ጎኑን አዙሮ። ደንበኛ ሲመጣ ወንድምሽ ይነሳል፣ እኔ ወደ በረንዳ እወጣለሁ፣ ደንበኛው ይገባል፣ ቀልዱን በመስኮት አንገቴን አስገብቼ ነው የምቀልደው። ከመኪናው ጀርባ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። እኔ የማድረው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው፣ በዚያ አትስጊ። የጓሮ በር ጠይቀሻል፤ በጓሮ በኩል ያለው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ቁም ሳጥንሽ ባለ ሦስት በር ከሆነማ ቤቱን ነው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት።

ስሳሳት አውቄ አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ካየችው በኋላ ትለምደዋለች ብዬ ነበር። ልጅሽ መልቀቂያ መጻፏን ስሰማ ካውያውን አሳርፌ እስክሪብቶ አነሳሁ። እሷን ከእንጀራዋ አፈናቅዬ ወንድምሽን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

እንድትመጡ ያስፈለገኝ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከመኪናው ድምፅ ጋር ነው ያረጀሁት። አሁን ቤቱ ዝም ሲል እጄ ይረሳል፤ አንዱን እጅጌ ደጋግሜ እተኩሳለሁ። ቀልድ ሲመጣልኝ የምነግረው ለካውያው ነው፤ እሱ ደግሞ ስሜት የለውም፣ እንፋሎት ብቻ ነው የሚያወጣው።

ከመጣችሁ ጠረጴዛዬን በረንዳ ላይ አወጣለሁ፤ ቤቱ ለእናንተ ይሁን። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ አስጠጋለሁ። ካልመጣችሁም አልቀየምም። እማማ ለስልክ ነጋዴው ይሰጡታል፣ እኔም ካውያዬን የማሳርፍበት ጥግ አላጣም። ብቻ የመጣልሽን ጻፊልኝ። ስድብ ከሆነም በግልጽ ጻፊው፤ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው።

ተኳሹ


ሐምሌ 10 ቀን

ለተኳሹ ወንድሜ፣

ሹፌሩ ቤት ድረስ መጥቶ አስረከበኝ። «ሰውየው ሲሰጠኝ ደጋግሞ አደራ ብሎኛል» አለኝ። ደግ አደረገ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ሰፊ ቤት ስልሽ ሰፊ ቤት ማለቴ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ታላቂቱ ልጄ «እማዬ፣ ሰውየው ጤነኛ ነው?» አለችኝ። ትንሿ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ተነሳች። ቦርሳዋን ከፍታ ያቺን ወረቀት አየቻት። ገና አላስገባቻትም ነበር።

«መኪናው ይገባል?» አለችኝ።

«ገብቷል፣ ይላል።»

«አጎቴ እዚያ ውስጥ ሙሉ ኮት ይሰፋ ነበር?»

«ከነገበሩ።»

ወረቀቷን አጥፋ መለሰቻት። በማግስቱ ለአለቃዋ ሰጠቻት። እኔ አልገፋኋትም። እንዳልይዛት ደግሞ፣ ከዱቄት ከረጢት ቀሚስ ሲወጣ ያየሁ ሴት ነኝ።

ተናድጄብሃለሁ። በስሕተትህ አይደለም፤ ፊደሉ ራሱ ያሳስታል። በዝምታህ ነው። ከአሁን በኋላ የምትፈራው ነገር ሲኖር መጀመሪያ እሱን ጻፍ፣ ቀልዱን ከታች አድርገው። ሰምተሃል? የኔም ጥፋት አለበት። ክርንህ ጀርባውን ገጨው ብለህ ስትጽፍ መጠርጠር ነበረብኝ። የት አገር ነው በሰፊ ቤት ክርን ከሰው ጋር የሚጋጨው?

ጠረጴዛህን እንዳታነቃንቃት! ወንድሜ ከነክርንህ ችሎህ ኖሯል፤ እኔም ጀርባ አለኝ። ደግሞ ልጄ ሰው ለክታ አታውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ቁጥር ነው የሚሰጧት፣ ሰው አይደለም። የመጀመሪያው ደንበኛ ሆዱን ስቦ ሲቆምባት ማን ያስለቅቅላታል? ጉሮሮ መጥረጉን ከአሁኑ እያለማመድኳት ነው። የልጅ ልጆቼ ጉንፋን የያዛት መስሏቸው ትኩስ ነገር ያቀርቡላታል።

ቁም ሳጥኑ ይቅር። ልጆቹ አንዱን በር ከፍተው ሱቅ አድርገውታል፣ ብወስደው ያለቅሳሉ። አልጋም አያስፈልገንም፤ በወንድሜ አልጋ እንተኛለን። እኔና እሷ እንደሆነ ተደራርበን መገላበጥ ለምደናል። ያንን መጋረጃ ግን አንሳው። ወንድ የሰቀለው መጋረጃ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ለእማማ እንመጣለን በልልኝ። የስልክ ነጋዴው ሌላ ቤት ይፈልግ።

የሰፊው እህት፣ አሁን ደግሞ የሰፊዋ እናት


ሐምሌ 22 ቀን

እህት ዓለም፣

የምፈራውን አስቀድሜ እንድጽፍ አዝዘሽኛል። የምፈራው ስትደርሱ በሩ አይከፈትም ብዬ ነው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

«እንመጣለን» የምትለዋን ቃል መምህሯ ዘንድ ወሰድኳት። ብትጠብቅም ብትላላም መምጣት መሆኗን ካረጋገጠችልኝ በኋላ ነው የጨፈርኩት። ከዚያ ቀጥታ እማማ ዘንድ።

«ትመጣለች?» አሉኝ።

«ትመጣለች።»

«ልጅቱስ?»

«እሷም። ሰፊ ናት።»

«እንግዲያው ቆየኝ» ብለው ገቡ። የሚያመጡት የቤቱን ቁልፍ መስሎኝ ነበር። አንድ ጉርድ ቀሚስ ነው ይዘው የወጡት፤ ዚፑ የለም፣ ጎኑ ተተርትሯል። «ከሱ በኋላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። መጀመሪያ የኔ ነው፣ ለማንም እንዳታስቀድም» አሉኝ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። ፖስተኛው የሁለት ክረምት ካፖርቱን አመጣ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሦስት ቀሚስ ጠቅልላ መጣች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ሌላ ሰፊ ዘንድ አልሄድሽም?» ብላት «ልኬን የሚያውቅ ሰው አንድ ይበቃኛል» ብላ አፈጠጠችብኝ። መምህሯ ሳትቀር ወገቧ ላይ መርፌ ቁልፍ ኖሯል። ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ጀርባዋን የማትሰጠን ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ ተኳሽ ነኝና እጥፋት እንጂ ቀዳዳ አላይም፤ ለካ ወንድምሽ ካረፈ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ፣ ቁልፍ የጎደለውን ሸሚዝ በሹራብ ሸፍኖ፣ የተተረተረውን በክንዱ ደግፎ ነው የሚሄደው። ማንም ለማንም አልተናገረም። ሁሉም እንደኔው ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ስለ ቤቱ የጻፍኩልሽን ሰርዢው፤ ከዚያም ጠቧል። ከመኪናው እስከ ጠረጴዛዬ ልብስ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ነው። መጋረጃውን አንስቻለሁ፣ ግን ክምሩ ራሱ መጋረጃ ሆኗል። አልጋውን ብቻ እንደ ምንም አስከብሬ ይዣለሁ። ትናንት ካውያዬን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ዛሬ ጠዋት የገባሁት በመስኮት ነው። ልጅሽ ሙሉ ሸሚዝ ተመኝታ ነበር አይደል? ንገሪያት፣ ሙሉ ሰፈር ይጠብቃታል።

አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲደርስ ከቦታችሁ አትነቃነቁ፤ እኔ እመጣለሁ። መልኬን ረስተሽው ከሆነ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ የቆመ ሽማግሌ ፈልጊ። ወንድምሽ ያረፈ ዕለት «ነገ እሰፋልሃለሁ» ብሎ ቀጥሮኝ ነበር። ይህንንም የምጽፍልሽ በአንድ እጄ ነው። ወግ ነውና ሻንጣሽን ተቀብዬ በተሸከምኩልሽ፤ ግን አንደኛው እጄ ሥራ ይዟልና ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ተኳሹ